1967 እና 1975፦ ተደጋጋሚ የካታሎግ መዛግብትን ስናዋሕድ የኅትመት ዘመንን እንዴት እናመሳክር?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ ካታሎገር

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ካሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አጠገብ በምትገኝ አነስተኛ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሰፈሩ አዲስ፣ ነዋሪውም ከየቦታው የመጣ እንደ መሆኑ መጻሕፍታችንም እንዲሁ ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ናቸው። ካታሎጋችን የተሠራው ከሦስት ምንጮች ነው። የመጀመሪያው ባልደረቦቼ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው በኤክሴል የመዘገቡት ዝርዝር ሲሆን፣ ዘመኑ መጽሐፉ ላይ እንደ ተገኘ ተጽፏል፤ አብዛኛውም በዓመተ ምሕረት ነው። ሁለተኛው ሥራ ለማቃለል ብለን ከውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያወረድናቸው የማርክ 21 (የካታሎግ መረጃ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ዓለም አቀፍ ቅርጽ) መዛግብት ናቸው፤ በእነዚህ ዘመኑ አንዳንዴ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዴ በጎርጎርዮስ፣ አንዳንዴም በሁለቱም ተጽፎ ይገኛል። ሦስተኛው አንድ በጎ አድራጊ መጻሕፍት ሲለግሱን አብሮ የመጣ ዝርዝር ነው፤ በዚህኛው ዘመኑ የተጻፈው በግእዝ ቁጥር ነው።

ሦስቱንም ወደ ኮሃ፣ ማለትም ወደ ቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያው ፕሮግራም፣ ካስገባን በኋላ አንዱ መጽሐፍ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ መታየት ጀመረ። አንባቢ ከመዛግብቱ አንዱን ከፍቶ «በውሰት ላይ» የሚል ሲያነብ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሌላው ቅጂ ግን በሌላ መዝገብ ሥር ስለ ገባ እንጂ መደርደሪያው ላይ አለ። ስለዚህ ድግግሞሾቹን ማዋሐድ ግድ ሆነብን።

የተቸገርኩት የኅትመት ዘመኑን ሳመሳክር ነው። በመጀመሪያ ርዕሳቸው፣ ደራሲያቸውና ዘመናቸው አንድ የሆኑትን ብቻ ፈለግሁ፤ በዚህ መንገድ ብዙ ድግግሞሽ አመለጠኝ፣ ምክንያቱም አንዱ መዝገብ 1967 ሲል ሌላው ያንኑ መጽሐፍ 1975 ይለዋል። ቀጥሎ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለባቸውን መዛግብት እንደ አንድ ቆጠርኳቸው። ይህኛው የባሰ ጉዳት አመጣ። በ1967 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታርሞና ምዕራፍ ተጨምሮበት እንደገና ታትሞ ኖሯል፤ እኔ ግን ልዩነቱ ስምንት ዓመት መሆኑን ብቻ አይቼ ሁለቱን አዋሐድኩና የኋለኛውን መዝገብ ሰረዝኩት። ስሕተቴ የገባኝ የተጨመረውን ምዕራፍ የሚፈልግ ተማሪ ከኮዬ ፈጬ ድረስ መጥቶ መጽሐፉ በካታሎጉ ውስጥ የለም ስለው ነው። መጽሐፉ ግን ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የስምንት ዓመቱ ልዩነት የአቆጣጠር ልዩነት ይሁን የእውነተኛ እትም ልዩነት እንዴት ይለያል? የማመሳከሩንስ ሥራ ምን ያህሉን ለማሽን፣ ምን ያህሉን ለዐይን ልተው?

መልስ፦ ጡረተኛ ካታሎገር፣ ከሰበታ

ልጄ፣ ያጋጠመሽ ነገር በካርድ ሳጥን ዘመንም ነበረ። ያኔ ግን ሁለቱ ካርዶች በአንድ መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ የካታሎገር ዐይን ያገኛቸው ነበር፤ ማሽን ግን የሚያየው አራቱን አኃዞች ብቻ ነው። 1967 ብቻውን ቁጥር ነው፤ ዘመን የሚሆነው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሲታከልበት ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከማመሳከርሽ በፊት በዝርዝርሽ ላይ የአቆጣጠሩን ዓይነት የሚናገር አንድ ዐምድ ጨምሪ፤ በዐምዱም ውስጥ ከሦስት ቃላት በቀር ሌላ አይግባ፦ «የኢትዮጵያ»፣ «የጎርጎርዮስ»፣ «ያልታወቀ»። ሦስተኛውን ለመጻፍ አትፈሪ፤ በግምት «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተሞላ ዐምድ ከባዶው ዐምድ ይልቅ ያሳስታል።

አቆጣጠሩ ካልተጻፈ መጽሐፉ ራሱ ብዙ ጊዜ ይመሰክራል። ካለንበት ዓመተ ምሕረት በጥቂት ዓመታት የሚበልጥ ቁጥር ካየሽ ያለ ጥርጥር የጎርጎርዮስ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከዚያ በኋላ የአሳታሚውን ስም ተመልከቺ። ለምሳሌ ሁለት መጻሕፍት 1970 የሚል ቁጥር ብቻ ይዘዋል እንበል። በአንደኛው ላይ አሳታሚው «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ከሆነ ቁጥሩ የጎርጎርዮስ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በዚያ ስም አይጠራም ነበርና። በሁለተኛው ላይ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ካለ ቁጥሩ የእኛው ነው፤ ይህ ስም የመጣው ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የስምንት ዓመት ርቀት አለ። «ኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ» የሚል መፈክር ያለበት መጽሐፍ 1969 ቢልም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

የመጽሐፉን ቋንቋ ግን አትመኚው። በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ በዓመተ ምሕረት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁሉ በጎርጎርዮስ ነው ብሎ መነሣት የዕለቱን ሥራ ያቀላል፤ ሆኖም ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ የሚገኝበት ኅትመት አገራችን ሞልቷታል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ ማወጃ አዋጅ በአማርኛው «ቁጥር 1/1987»፣ በእንግሊዝኛው «ቁጥር 1/1995» ይባላል፤ የወጣበት ቀን ግን አንድ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። አንድ ካታሎገር የአማርኛውን ዐምድ አይቶ፣ ሌላው የእንግሊዝኛውን አይቶ ቢመዘግቡ ለአንድ ኅትመት ሁለት መዝገብ ይወለዳል፤ ደግሞም ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ካሏችሁ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለምም ሊያጋጥምሽ ይችላል። ከእርሱ ላይ 5500 ሲቀነስ ዓመተ ምሕረቱ ይገኛል፤ 7467 ዓመተ ዓለም ማለት 1967 ዓ.ም. ነው።

መልስ፦ የዳታ ሠራተኛ፣ ከለገጣፎ

እኅቴ፣ የጋሼ ምክር መሠረቱ ነው፤ እኔ የምጨምረው በዚያ መሠረት ላይ ማሽኑን እንዴት እንደምናሠራው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰባቱና ስለ ስምንቱ። የኢትዮጵያ ዓመት በሁለት የጎርጎርዮስ ዓመታት ላይ ይተኛል። በተለመደው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባሉት 112 ቀናት ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። መጽሐፍ ላይ ወሩ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ 1967 ዓ.ም. ማለት «1974 ወይም 1975» ነው እንጂ 1975 ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድም ይህንኑ ይከተላል፤ የታተመው ቁጥር እንዳለ ይጻፍና የጎርጎርዮሱ አቻ በቅንፍ ይከተለዋል፦ 1967 [1974 ወይም 1975]። ዝርዝሩን በኤክሴል ሲያስተካክሉ ከ1967 ላይ ስምንት ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ እባክዎ አያድርጉት። ከዚያ ይልቅ «መጀመሪያ» እና «መጨረሻ» የሚሉ ሁለት ዐምዶች ያዘጋጁ፤ ለዓመተ ምሕረቱ 1974 እና 1975፣ ለጎርጎርዮሱ መዝገብ ደግሞ 1975 እና 1975 ይግባባቸው። ሁለቱ ክልሎች የሚጋሩት ዓመት ካለ መዛግብቱ በዘመን አይጣረሱም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የወደቅሁበት ጉድጓድ አለና በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ክልሎችን የማነጻጸሩ ዘዴ የሚሠራው አንዱ መዝገብ በእኛ፣ ሌላው በጎርጎርዮስ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱም መዛግብት በዓመተ ምሕረት ከሆኑ ሳይቀየሩ በራሳቸው ቁጥር ይነጻጸሩ። ምክንያቱም 1967 ዓ.ም. ወደ 1974–1975፣ 1968 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 1975–1976 ይቀየራል፤ ሁለቱ ክልሎች በ1975 ላይ ይገናኙና በተከታታይ ዓመታት የታተሙ ሁለት የተለያዩ እትሞች አንድ መስለው ይቀርባሉ። በትክክል የምናውቀውን ነገር በመቀየር እናደበዝዘዋለን ማለት ነው። እኔ ይህን ሳልረዳ አንድን ዓመታዊ መጽሔት ግማሹን ቅጽ አዋሕጄበት ነበር።

ከዚህ የተነሣ 1975 የሚል የጎርጎርዮስ መዝገብ ከ1967ም ከ1968 ዓ.ም.ም ጋር ሊጣጣም ይችላል። በካታሎጉ ውስጥ ሁለቱም ዓመታት ካሉ ማሽኑ መምረጥ የለበትም፤ ጉዳዩን ለሰው ያስተላልፍ። አቆጣጠሩ «ያልታወቀ» የሆነም መዝገብ ቁጥሩ ፍጹም አንድ ቢሆን እንኳ ወደ ሰው ይሂድ። ዘመን ጨርሶ የሌላቸው ሁለት መዛግብት ደግሞ «ሁለቱም ባዶ ስለሆኑ ተመሳሰሉ» እንዳይባሉ ቀመርዎን ይፈትሹት፤ ባዶ ከባዶ ጋር እኩል ነው የሚል ቀመር ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

ስለ ማርክ መዛግብቱ። ዘመን በማርክ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው ለአንባቢ የሚታየው፣ በ260 ወይም በ264 ፊልድ (በቁጥር የሚጠራ የመዝገብ ክፍል)፣ በንዑስ ፊልድ «ሲ» ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው በ008 ፊልድ ውስጥ በኮድ የሚገባው ነው፤ ቦታ 06 የዘመኑን ዓይነት፣ ከ07 እስከ 10 ያሉት የመጀመሪያውን ዘመን፣ ከ11 እስከ 14 ያሉት ሁለተኛውን ዘመን ይይዛሉ። ከውጭ ያወረዷቸው መዛግብት በ008 ውስጥ ጎርጎርዮሱን መያዛቸው የተለመደ ነው። ከኤክሴል የተቀየሩት የእርስዎ መዛግብት ግን፣ ቀያሪው ሰው ካልተጠነቀቀ፣ 1967ን እንዳለ ወደ 008 ገልብጠውት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የአንድ መጽሐፍ ሁለት መዛግብት በ260 ሲስማሙ በ008 ይጣላሉ፤ በዘመን ቅደም ተከተል የሚፈልግም አንባቢ የተዛባ ዝርዝር ይቀርብለታል። ሁለተኛውንም ዘመን ዓይነቱን ሳያዩ አያነጻጽሩ፤ ቦታ 06 ላይ «አር» ካለ ሁለተኛው ዘመን የመጀመሪያው ኅትመት ዘመን ነው፣ «ቲ» ካለ የቅጂ መብት ዘመን ነው፣ «ኪው» ካለ ደግሞ ዘመኑ ያልተረጋገጠ ሆኖ በሁለቱ ዓመታት መካከል የሚገመት ነው። 1974 እና 1975 ብለን የምናስገባበት ተገቢው ቤት ይህ የመጨረሻው ነው።

ኮሃ ውስጥ ያለው የማመሳከሪያ ደንብ ለእያንዳንዱ ነጥብ ውጤት እየሰጠ ድምሩ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ «ተመሳሳይ» ይላል፤ ሆኖም እኩልነትን እንጂ «በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል» የሚለውን ማስላት አይችልም። ስለዚህ መዛግብቱን ወደ ውጭ አውጥተው በኦፕን ሪፋይን፣ ዝርዝሮችን በሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ ያዘጋጁ፤ ከዚያም ወደ ማዋሐዱ ይመለሱ። ያወጡትንም ፋይል ሥራው አልቆ እስኪረጋገጥ ድረስ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ አያስተማምንም።

የግእዝ ቁጥሩ ለብቻው የሚታይ ነው። ግእዝ ዜሮ የለውም፤ አኃዞቹም በቦታቸው ዋጋ አይለዋወጡም። ፲፱፻፷፯ ማለት አሥርና ዘጠኝ ተደምረው በመቶ ይባዛሉ፣ ከዚያ ስድሳና ሰባት ይጨመራሉ ማለት ነው። እያንዳንዱን ምልክት በየተራ በአረብኛው ቁጥር የሚተካ ሰው የሚያገኘው 109100607 ነው። ብዙ ፕሮግራሞችም የግእዝ አኃዝን ቁጥር ብለው አይቀበሉትም፤ «አራት አኃዝ ፈልግ» የሚለው ትእዛዝ አልፎት ይሄዳል፣ መዝገቡም ዘመን እንደሌለው ይቆጠራል። ዝርዝሩ ረጅም ካልሆነ በእጅ መቀየሩ ይሻላል፤ ፮ንና ፯ን ግን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ከቡራዩ

ይህን ሁሉ ድካም ሳይ አንድ ነገር ለመናገር ተገደድሁ። እኛ ዘመኑን ከማመሳከሪያው ጨርሰን አውጥተነዋል። ርዕስ፣ ደራሲና የገጽ ብዛት አንድ ከሆኑ አንድ መጽሐፍ ነው ብለን እናዋሕዳለን። የመማሪያ መጻሕፍት በየጊዜው እንደገና ይታተማሉ፤ ይዘታቸው አይለወጥም፤ ለእያንዳንዱ የኅትመት ዓመት አንድ መዝገብ ብንከፍት አንባቢው ምን ይጠቀማል? ዘመን አሳሳች ከሆነ ለምን እንከተለዋለን?

መልስ፦ የዳታ ሠራተኛ፣ ከለገጣፎ

ለመማሪያ መጻሕፍት ትክክል ብለዋል ብዬ አምናለሁ። በካታሎግ ሕግም ቢሆን በአንድ ገጽ አቀማመጥ እንደገና የታተመ መጽሐፍ ዓመቱ ስለተለወጠ ብቻ አዲስ እትም አይሆንም። ለሌሎች መጻሕፍት ግን አልስማማም። የታረመ እትም የገጹን ብዛት ሳይለውጥ ሊወጣ ይችላል፤ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዡ ብቻ የታደሰበት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ላይ የገጽ ብዛት በየካታሎገሩ ይለያያል፤ አንዱ መቅድሙን ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። ዘመን ብቻውን ሁለት መዛግብትን ለማዋሐድ አይበቃም፤ «ቆም በልና ተመልከት» ለማለት ግን ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለንም።

ርዕስ ለማመሳከርም «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ወደ አንድ ፊደል ካልተመለሱ ርዕሱ ራሱ አይገናኝም፤ ለማመሳከሪያው ዐምድ ብቻ ይመለሱ እንጂ በመዝገቡ ላይ የታተመው ፊደል አይነካ።

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ ካታሎገር

ጋሼ፣ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት የአቆጣጠሩን ዐምድ ጨምሬ ሦስት ቀን ስሠራ ቆየሁ። 008ንም ተመለከትሁ፤ እንደተፈራው ከኤክሴል የመጡት ሁሉ ዓመተ ምሕረቱን እንደ ጎርጎርዮስ ይዘውት አገኘኋቸው፤ እነርሱን አንድ ላይ ማረም ይቻላል፣ ምንጫቸው ስለሚታወቅ።

አሁን የጨነቀኝ አንድ የተውኔት ስብስብ ነው። ሦስት መዝገብ አለው። የመጀመሪያው የእኛ ሲሆን «1970 ዓ.ም.፣ 184 ገጽ» ይላል። ሁለተኛው ያወረድነው ነው፤ «1978፣ 184 ገጽ» ይላል፣ አቆጣጠሩ አልተጻፈም። ሦስተኛው በልገሳ የመጣው ነው፤ «፲፱፻፸፰፣ ሁለተኛ እትም፣ 212 ገጽ» ይላል። የግእዙን ቁጥር ስቀይረው 1978 ሆነና የድሮው ቀመሬ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «አንድ ናቸው» ብሎ አቀረበልኝ። በገጹ ብዛት ግን አንደኛውና ሁለተኛው ይቀራረባሉ። ማንን ከማን ጋር ላድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛ ካታሎገር፣ ከሰበታ

ልጄ፣ መልሱ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከወንበርሽ ተነሺና መጻሕፍቱን አምጫቸው። ከመዝገቡ ብቻ ስናየው ግን ሁለተኛው መዝገብ 1978ን በጎርጎርዮስ የያዘ ይመስላል፤ 1970 ዓ.ም. ወደ 1977 ወይም 1978 ስለሚመጣ ከአንደኛው ጋር በዘመንም በገጽም ይስማማል። ሦስተኛው በግእዝ ቁጥር መጻፉ ራሱ የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ይናገራል፤ ዘመኑም ከመጀመሪያው በስምንት ዓመት ይርቃል። አንድ ቁጥር የያዙት ሁለቱ የተለያዩ፣ የተለያየ ቁጥር የያዙት ሁለቱ ደግሞ አንድ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን ለማዋሐድ አይበቃም።

መጽሐፉን ስትከፍቺ የርዕስ ገጹን ብቻ አትመልከቺ፤ ጀርባውን ገልብጪ፤ ያንዳንዱ ማተሚያ ቤት ልማድ ሌላ ነውና የመጨረሻውን ገጽና የኋላ ሽፋኑንም እዪ። ብዙ የአገራችን መጻሕፍት «አንደኛ እትም 1970፣ ሁለተኛ እትም 1978» እያሉ ታሪካቸውን በአንድ ቦታ ይዘረዝራሉ፤ ካታሎገሩ ቸኩሎ ከሆነ የላይኛውን መስመር ብቻ ጽፎ ያልፋል። ሁለተኛውን እትም በእጁ ይዞ የመጀመሪያውን ዘመን የመዘገበ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። በመቅድሙ ሥር ያለውን ቀንም እንደ ኅትመት ዘመን አትውሰጂው፤ ደራሲው መቅድሙን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ዓመትና ከዚያም በላይ የቆየበት ጊዜ ብዙ ነው።

«እትም» የሚለውን ቃልም በጥርጣሬ እዪው። በአማርኛ «እትም» ስንል የታረመውንም፣ ሳይነካ እንደገና የታተመውንም በአንድ ቃል እንጠራዋለን። ሽያጩ አልቆበት በዚያው ፊልም ተመልሶ የታተመ መጽሐፍ «ሦስተኛ እትም» ይባላል፤ ግማሹ ተለውጦ የታተመውም «ሦስተኛ እትም» ይባላል። እኔ ስሠራ ሳይነካ የታተመውን በማስታወሻዬ «ድጋሚ ኅትመት» እያልኩ እለየው ነበር። የአንቺው ሦስተኛ መዝገብ ግን 28 ገጽ ጨምሯል፤ የፊደሉ መጠን ካልተለወጠ በቀር አዲስ ተውኔት የገባበት ይሆናል። ማውጫውን አስተያዪ።

ሌላ ነገር ላሳስብሽ። ማሽኑ ሁለት መዝገብ አንድ ናቸው ሲልሽና አንቺ ስትጠራጠሪ ሳታዋሕጂ ተያቸው። ያልተዋሐደ ድግግሞሽ ነገም ይዋሐዳል፤ በስሕተት የተዋሐደው ግን የትኛው ባርኮድ የየትኛው እትም እንደ ነበረ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱን ቅጂ ከመደርደሪያ አውርዶ ማየት ያስፈልጋል። በሰዋስው መጽሐፉ ላይ የደረሰብሽ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ ካታሎገር

ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት መጻሕፍቱን አወረድኳቸው። እንዳሉት የመጀመሪያውና የሁለተኛው መዝገብ አንድ መጽሐፍ ናቸው፤ በጀርባው ገጽ ላይ «1970 ዓ.ም.» በግልጽ ታትሟል፤ 1978 የመጣው ከካታሎገሩ ስሌት ነው። የተለገሰው ደግሞ በማውጫው ላይ አንድ ተጨማሪ ተውኔት አለው። ስለዚህ ሁለቱን አዋሕጄ ዘመኑን 1970 [1977 ወይም 1978] ብዬ አስተካከልኩ፤ ሦስተኛውን ለብቻው ተውኩት። የሰዋስው መጽሐፉንም የተሻሻለ እትም ከመጀመሪያው የኤክሴል ፋይል አውጥቼ እንደገና መዝግቤዋለሁ፤ ሁለቱንም ቅጂዎች በእጄ ይዤ ባርኮዳቸውን ለየሁ። ለተማሪውም ደውዬ መጽሐፉ ተለይቶ እንደ ተቀመጠለት ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ፲፱፻፸፰ን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ልተወው ወይስ ወደ 1978 ልቀይረው? ባልደረባዬ አንባቢ በግእዝ ቁጥር አይፈልግም ይለኛል።

መልስ፦ ጡረተኛ ካታሎገር፣ ከሰበታ

ሁለቱንም ያዢ። መጽሐፉ ላይ የታተመው ይቅደም፣ የሚፈለግበት ቁጥር ይከተለው፣ የጎርጎርዮሱም አቻ ይጨመር፦ ፲፱፻፸፰ [1978 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1985 ወይም 1986]። በ008 ውስጥ 1985 እና 1986 ይግቡ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣ ካታሎገር ሌላ ቅጂ በእጁ ሲገባ መዝገቡን ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት የሚችለው የታተመው ሳይነካ ከቆየ ብቻ ነው። አቆጣጠሩን በምን ማስረጃ እንደ ለየሽም በማስታወሻ ፊልድ ውስጥ አንድ መስመር ጻፊለት፤ «ዘመኑ ከርዕስ ገጹ ጀርባ የተወሰደ» ማለት ይበቃል።